ሰባት ኖታ ብቻ ያለው የፒያኖ ድርሰት ሙሉ ሥራ ነው ሊባል ይችላል?

ነጭ ቁልፍ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችን ፒያኖ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ የተማሩትን ለወላጆቻቸው ባሳዩበት ዝግጅት፣ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የሀንጋሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጆርጅ ኩርታግን «ሰው አበባ ነው» የተባለ ድርሰት ተጫወተች። ድርሰቱ ያለው ሰባት ኖታ ብቻ ነው። ልጅቷ ወንበሯን አስተካክላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ ጥቂት ከቆየች በኋላ ሰባቱን ድምፆች አንድ በአንድ አሰማችና ተነሥታ እጅ ነሣች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ፒያኖውን እየሞከረች መስሎኝ ነበር፤ መቼ ነው የምትጀምረው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ጨርሳለች» አልኳቸው፤ ከዚያ በላይ የማስረዳበት ቃል ግን አላገኘሁም። እንዲህ ያለው ሥራ በራሱ የቆመ ድርሰት ነው ወይስ የልምምድ ቁራጭ? ደግሞስ በሚቀጥለው ዝግጅት የት ቦታ ብናስገባው ሰሚው መጀመሩንና ማለቁን ያውቃል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አሮጌ ፒያኖ፦

ተማሪዎ ደፋር ናት። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኩርታግ በ1926 ሉጎጅ በተባለች የሮማንያ ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ይህ ድርሰት የሚገኝበትን «ጨዋታዎች» የተሰኘ ስብስብ የጀመረው በ1973 ነው። መነሻውም ማሪያን ተኦኬ የተባለች የፒያኖ መምህርት ለልጆች የሚሆን ሥራ እንዲጽፍ መጠየቋ ነበር። ስብስቡ ግን በልጆች አልተወሰነም፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት ቅጽ በቅጽ ላይ እየተጨመረበት፣ ለወዳጆች የተላኩ ሰላምታዎችና ለሙታን የተጻፉ መታሰቢያዎች የሞሉበት የደራሲው የቀን ማስታወሻ ዓይነት ሆኗል። በመጀመሪያው ቅጽ ልጁ ጣቶቹን ለስኬል (ድምፆችን በተራ ለመጫወት) ከማሠልጠኑ በፊት በመዳፉና በክንዱ ሳይቀር ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር እየዳሰሰ መሣሪያውን ይለማመዳል። ደራሲው በመቅድሙ ላይ፣ የተጻፈው ምልክት ተጫዋቹን ማሰር እንደሌለበት፣ የድምፁና የዝምታው ጥራት ግን እጅግ በጥብቅ መያዝ እንዳለበት ይናገራል።

ለምን ይህን ያህል አሳጠረው ቢሉኝ፣ መልሱ ከ«ጨዋታዎች» በፊት ነው ያለው። ኩርታግ በ1957 እና በ1958 ፓሪስ በነበረ ጊዜ ብዕሩ ደርቆበት ነበር፤ ማሪያን ስታይን የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁለት ድምፅ ብቻ ከማያያዝ እንዲጀምር መከረችው። ቡዳፔስት ተመልሶ በ1959 የጻፈውን የአራት የገመድ መሣሪያዎች ሥራ (ኳርቴት) ኦፐስ 1፣ ማለትም የሥራ ቁጥር 1፣ ብሎ ሰየመው፤ መታሰቢያነቱንም ለእርሷ አደረገው፤ የቀደመውን ሁሉ ከቁጥር አውጥቶ ማለት ነው። ሁለት ድምፅ ማያያዝ ለዚህ ሰው ትልቅ ሥራ ነበር። «ሰው አበባ ነው» የሚለው ሐረግም የልጆች መዝሙር አይደለም፤ ቦርኔሚሳ ከተባለ የ16ኛው መቶ ዘመን ሀንጋሪያዊ ሰባኪ ቃላት ላይ ተመሥርቶ ኩርታግ በ1960ዎቹ ለሶፕራኖ (ለከፍተኛ የሴት ድምፅ) እና ለፒያኖ ከጻፈው ሥራ የመጣ ነው።

ሙሉ ድርሰት መሆኑን ራስዎ ሊፈትኑት ይችላሉ። አራተኛውን ኖታ አውጥተው ይጫወቱት። ከረጅም ድርሰት አንድ ኖታ ቢወጣ ብዙ ሰው አያስተውልም፤ እዚህ ግን ድልድይ የፈረሰ ያህል ይሰማዎታል። ድምፆቹ ሩቅ ለሩቅ ስለሆኑ ልጅቷ እጇን በአየር ላይ ስታሻግር የፊተኛው ድምፅ እንዳይሞት በጆሮዋ ይዛው መሄድ አለባት። ይህን ማስተማር ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ የጣት ፍጥነት ማስተማር ይቀላል።

ሴሎ፦

አሮጌ ፒያኖ ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም «ለልጆች ተብሎ ነው ያጠረው» የሚል ስሜት እንዳያድር ከኩርታግ በፊት የነበረውን ላንሣ። ኦስትሪያዊው ደራሲ አንቶን ቬበርን በ1914 (እ.ኤ.አ.) ለሴሎና ለፒያኖ የጻፋቸው የኦፐስ 11 ሦስት ቁራጮች 9፣ 13 እና 10 ሜዠር (የምት ክፍል) ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ አጥንቼ በመድረክ ስጫወታቸው ከሦስት ደቂቃ በታች ወሰዱ። ሦስተኛውን ስጀምር ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፤ ያ ሳል የድርሰቱን ሩብ ይዞት ሄደ። በረጅም ሶናታ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማንም አያስታውሰውም።

ቬበርን በ1932 ባደረገው ንግግር ኦፐስ 9 የሆኑትን ባጋቴሎች (በጣም አጫጭር ቁራጮች) ሲጽፍ የነበረበትን ሁኔታ ገልጿል፤ በፒያኖ ላይ እየተደጋገሙ የሚመጡት አሥራ ሁለቱ የተለያዩ ድምፆች ሁሉ ከተሰሙ በኋላ ድርሰቱ ያለቀ ይመስለው እንደነበር ተናግሯል። እንግዲህ ማጠሩ መድገምን እምቢ ከማለት የመጣ ነው። ዜማ መጥቶ፣ ተለውጦ፣ ተመልሶ የሚመጣበት አሠራር ከተነሣ ርዝመቱን የሚሸከም ምሰሶ አይቀርም። ኩርታግም የቬበርንን ሥራዎች በእጁ ጽፎ እየቀዳ ያጠና ሰው ነው።

ስለ ቦታው የጠየቁትን በተመለከተ፣ አጭር ድርሰት ብቻውን እምብዛም አይሄድም። ኩርታግ ራሱ «የካፍካ ቁርጥራጮች» በተባለው ሥራው 40 ክፍሎችን ለሶፕራኖና ለቫዮሊን ጽፎ አንድ ሰዓት ያህል የሚቆይ አድርጎ አያይዟቸዋል፤ አንዳንዶቹ ከግማሽ ደቂቃ በታች ናቸው። ከባለቤቱ ከማርታ ጋር «ጨዋታዎች»ን ሲያቀርቡም ለፒያኖ ተስማምተው ከተዘጋጁ የጀርመናዊው ደራሲ የባኅ ሥራዎች ጋር እያፈራረቁ ነበር።

ተጠራጣሪ፦

ይቅርታ፣ አርባ ቁራጭ ተሰፍቶ አንድ ሰዓት ከሞላ ረጅም ሥራ ሆነ እንጂ አጭር አልሆነም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ «በአንድ ደቂቃ ጻፉልን» የሚል ጥሪ በዝቷል። ሮበርት ቮይዚ የተባለ አሜሪካዊ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው «60 በ60» የተባለው ዝግጅት ከ60 ደራሲዎች የተሰበሰቡ፣ እያንዳንዳቸው ከ60 ሰከንድ የማይበልጡ ሥራዎችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሰማል፤ ሰዓት ቆጣሪው ደቂቃ በሞላ ቁጥር አዲስ ሥራ ይጀምራል። እንዲህ ባለው ዝግጅት ውስጥ ብዙው ሥራ ለረጅም ድርሰት እንደ ማስታወቂያ ይሆንብኛል፤ ሐሳቡ ገና ሲሞቅ ደቂቃው ይሞላል። ነገሩን ጨርሶ የቆመና አጥር አግኝቶት የቆመ አንድ አይደሉም። የተማሪዎ ሰባት ኖታ ከፊተኛው ወገን መሆኑን አልክድም።

ለፍትሕ ያህል አንድ ልዩ ጉዳይ ልጥቀስ። ቫዮሊኒስቷ ጄኒፈር ኮ በ2020 አዳራሾች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ የ30 ሰከንድ ሥራዎችን አስጽፋ ከቤቷ በኢንተርኔት ትጫወት ነበር። ቋሚ ደመወዝ ያላቸው ደራሲዎች አንዳንድ አጭር ሥራ በነፃ ሰጡ፤ እያንዳንዳቸውም ሥራ የቆመበት አንድ ደራሲ ጠቆሙ፤ ለተጠቆሙትም ተከፈላቸው። እዚያ 30 ሰከንድ የሆነው ልግስናውን የሚቻል ለማድረግ ነው። የእነዚህ ሥራዎች የድምፅ ቅጂ በ2022 ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። ምክንያቱን ሳውቅ ጆሮዬ ለዘብ ይላል፤ ምናልባት ይህ ለሙዚቃው ፍትሐዊ አይደለም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦

የሙዚቃ ኖታ አላነብም፤ ጥያቄው ግን ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቀጥሎ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይመጣል፤ እያለ ይረዝማል። ጉባኤ ቃና የጀማሪ ነው ብሎ የሚንቀው ግን የለም፤ ሊቁም በበዓል ቀን ቆሞ ጉባኤ ቃና ይቀኛል። ሰሚው ሁለቱን ቤት በአንድ ጊዜ መስማት ስለማይበቃው፣ ሲያምርለት «ይበል! ይደገም!» ይላል። የእርስዎ ወላጆች ያጡት ይህንን ዕድል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ የተሰማ አጭር ነገር ከማምለጥ በቀር ምን ያደርጋል?

ሴሎ፦

አንድ ልዩነት አለ፤ የጉባኤ ቃና ልክ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሰሚው ሁለተኛው ቤት ሲዘጋ ማለቁን ያውቃል። የኩርታግ ሰሚ ግን ይህ ሁሉ የለውም። «ይደገም» ያሉት ግን ትክክል ነው። ኦስትሪያዊው ደራሲ አርኖልድ ሾንበርግ በ1918 ቪየና ውስጥ ባቋቋመው የግል ኮንሰርት ማኅበር አዳዲስ ሥራዎች ይደጋገሙ ነበር፤ ጭብጨባም የተከለከለ ነበር።

ነጭ ቁልፍ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አራተኛውን ኖታ አውጥቼ ሞከርኩት፤ አሮጌ ፒያኖ እንዳሉት ሆነ። ከልጅቷ ጋር ተነጋግረን በሚቀጥለው ዝግጅት ሁለት ጊዜ እንድትጫወተው ወስነናል፤ መጀመሪያ ገና ማንም ተጫዋች ለሕዝቡ ሳይተዋወቅ በሩ እንደተዘጋ፣ ኋላም ታናሽ ወንድሟ የባኅን ሚኑዌት ከጨረሰ በኋላ ሳይጨበጨብ። ወላጆች በመካከሉ እንዳያጨበጭቡ በዝግጅቱ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩርታግና ባለቤቱ በቁም ፒያኖ ላይ፣ ድምፁን የሚያፍነውን ፔዳል ረግጠው፣ ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ይጫወቱ እንደነበር ካነበብኩ በኋላ የእኛን አሮጌ ቁም ፒያኖ ከፍቼ አየሁት። ለዓመታት ተበላሽቷል ብዬ የተውኩት የመሐሉ ፔዳል በመዶሻዎቹና በገመዶቹ መካከል የሱፍ ጨርቅ የሚያወርድ ነው፤ ጨርቁን ብል በልቶታል። በምን ዓይነት ጨርቅ ቢተካ እንደሚሻል የሚያውቅ አለ?