የደረጃው የእጅ መደገፊያ ተነቀለ፤ ከነገ ወዲያ የሚካኤል ንግሥ ነው፤ ምን እናድርግ?

የዕድሩ ወጣት (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልን። ከሰፈራችን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው ባለ 42 እርከን የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ዕድራችን ገንዘብ አዋጥቶ ባለፈው ግንቦት ለአረጋውያን ያስተከለው የብረት መደገፊያ ዛሬ ጠዋት ሦስት ቋሚዎቹ ላልተው ተገኙ፤ መካከለኛውን ብነቀንቀው ከነአርማታው ብድግ አለ። ኅዳር 12 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እናቶችና አባቶች በጨለማ ይወጡበታል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ በእጃችን አለ። ዛሬ ማታ ብንሞላው ለንግሡ ይደርሳል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ጎረቤት፦
ሲሚንቶውን ሳትሰስቱ አብዝታችሁ ሙሉት። እስከ ከነገ ወዲያ ድንጋይ ይሆናል።

ጡረተኛ መምህር፦
ወጣቶች ለታላላቆቻቸው እንዲህ መጨነቃቸው ልቤን ደስ አሰኝቶታል፤ ሆኖም ነገሩን ሰፋ አድርገን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ምቹ ስለሆኑ ከተሞች ባወጣው መመሪያ፣ በ33 ከተሞች የሚኖሩ አረጋውያን ተጠይቀው ደጋግመው ካነሷቸው ጉዳዮች መካከል ማረፊያ መቀመጫና የማያደናቅፍ የእግር መንገድ ይገኙበታል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ አባቶቻችን በየአጥሩ ሥር የድንጋይ መደብ ይሠሩ የነበረው ዐላፊ አግዳሚው እንዲያርፍበት ነው። ደግሞም ደረጃችሁ ከነገሥታቱ ዘመን የቀረ ካብ የሚነካ ከሆነ፣ የጎንደራችን ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን አስታውሳችሁ፣ ዲጅኖ ከማንሣታችሁ በፊት የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ።

ግንበኛው፦
ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም፤ አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ጉድጓዱስ ምን ያህል ጥልቀት አለው?

የዕድሩ ወጣት፦
ጥቁር ዋልካ ነው። የወጣው አርማታ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም፤ ዙሪያውን አፈሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

ሌላ ጎረቤት፦
እኔም እላለሁ፣ ዛሬውኑ ሲሚንቶ ሙሉበትና ይለቅ።

ባለ ባጃጅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች 42 እርከን ማስወጣቱ ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ገንዘቡን ለብረት ከማዋል ይልቅ በአስፋልቱ በኩል በባጃጅ ብናመላልሳቸው ይሻል ነበር። እኔ በበኩሌ ለንግሡ ያለ ክፍያ ለማመላለስ ዝግጁ ነኝ።

የዕድሩ ወጣት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፤ መውጣት ለማይችሉት እንጠራሃለን። ነገር ግን በንግሥ ዕለት አስፋልቱ በሕዝብ ስለሚዘጋ ባጃጅ እስከ በሩ አይደርስም።

የሰፈሩ እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ በዚያ ደረጃ የምወጣ ነኝና ስሙኝ። ባጃጁን አልጠላም፤ ዳሩ ግን በደረጃው ስወጣ ሁለቱን የታመሙ ጎረቤቶቼን በራቸው ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ፣ በአስፋልቱ ብሄድ ማን ይጠይቃቸዋል? ስለ ብረቱ ደግሞ ልናገር። አክብራችሁ ሠርታችሁልናል፤ ነገር ግን በጣም ወፍራም ነውና እጄ ዙሪያውን አይጨብጠውም፣ መዳፌን ጭኜበት ብቻ ነው የምሄደው። ጫፉም ከመጨረሻው እርከን በፊት ይቆማል። እግሬ የሚከዳኝ እዚያች መጨረሻ ላይ ነው።

ግንበኛው፦
እማማ ትልቅ ነገር ተናገሩ። አሁን በቅደም ተከተል ልንገርህ። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በግንቦት በስንዝር ጉድጓድ የተተከለ ቋሚ በኅዳር መላላቱ የማይቀር ነው። በዚያው ጉድጓድ ሲሚንቶ ብትጨምሩበት የሚመጣው ክረምት እንደገና ይነቅለዋል። ከዚያም በላይ፣ አርማታ በ7 ቀን ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያገኛል፣ ሙሉውን ለማግኘት 28 ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬ ማታ የተሞላ አርማታ ከነገ ወዲያ ሌሊት የሰው ክብደት አይጣልበትም። የላላ መደገፊያ ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል፣ ሰው አምኖት ይደገፈዋልና። ስለዚህ ሦስቱን ቋሚዎች የያዘውን ክፍል ዛሬ ፍቱት፣ ጉድጓዶቹን ድፈኑ፣ በዚያ በኩል ማንም እንዳያልፍ ገመድ አስሩ።

ከበዓሉ በኋላ ጥቁሩን አፈር ጠንካራው መሬት ወይም ድንጋዩ እስኪገኝ አውጡት፤ ጥልቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ታቹ ከላዩ ሰፋ ይበል፣ ከሥሩ ጠጠር ይነጠፍ። አርማታው አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ሆኖ ውኃው እንዳይበዛ፤ አናቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ በላይ በኩልም ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ይቀደድ። ሳምንቱን ሙሉ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፣ የኅዳር ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ያደርቀዋል። የሚጨበጠው ቱቦ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት፣ ከእርከኑ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው፤ ከመጨረሻው እርከን አልፎ አንድ ክንድ ያህል ይቀጥል።

ነርሷ፦
በግንበኛው ሐሳብ እስማማለሁ። ለንግሡ ሌሊት ግን መቀመጫ አትርሱ፤ ብዙዎቹ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው፣ ምግብ ሳይቀምሱ ዳገት ሲወጡ ሊያዞራቸው ይችላል። ዱካ አስቀምጡና የተቀመጠ ሰው ሲነሣ በዝግታ እንዲነሣ ንገሩ። ክንዳቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ አንድ እርከን ዝቅ ብላችሁ ቁሙና እነርሱ ትከሻችሁን ይያዙ፣ በሌላው እጃቸው ምርኩዛቸውን ይደገፉ።

የዕድሩ ወጣት፦
የላላውን ክፍል ፈትተን ገመድ አስረናል። ስድስት ወጣቶች ባትሪ ይዘን በየሰባት እርከኑ እንቆማለን፤ ዱካዎቹንም 14ኛውና 28ኛው እርከን ላይ እናስቀምጣለን። ጋሼ፣ አርማታውን ኅዳር 13 እንጀምራለንና ቢችሉ መጥተው ቢያዩልን።

የሰፈሩ እናት፦
ልጄ፣ ሁለተኛውን ዱካ ወደ ታች አውርደው። ትንፋሼ የሚያልቀው ከወይራው ዛፍ አጠገብ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለመቀመጫ የሚሆን ሜዳ ቦታ አለ። መደብ የምትሠሩም ከሆነ እዚያው ሥሩት፣ ስነሣ የምደገፍበት ክንድ ይኑረው።

ግንበኛው (ኅዳር 14)፦
ትናንት ስልክ እጠብቅ ነበር። ጉድጓዱን ቆፈራችሁ? ድንጋዩ ስንት ሳንቲ ሜትር ላይ ተገኘ? ሳልመጣ እንዳትሞሉት።