ፒያሳ ላይ የት ልቅጠረው?

የአራዳ ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ያደግሁት ጊዮርጊስ አካባቢ ነው፤ ኑሮዬ ግን ሜሪላንድ ነው። በቴሌግራም ቼዝ ስንጫወት የተዋወቅሁት የአዳማ ወዳጄ ቅዳሜ ከሰዓት ሊያገኘኝ ይመጣል። በአካል ተያይተን አናውቅም። እሱ አዲስ አበባን አያውቅም፤ እኔ የማውቀው ደግሞ በ2016 ከመፍረሱ በፊት የነበረውን ፒያሳ ነው። ዶሮ ማነቂያ እንዳልለው ዶሮ ማነቂያ የለም። ትናንት ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ ተከትዬ የድሮ ካፌያችንን ፍለጋ ብሄድ፣ ያገኘሁት አዲስ ሣርና የመብራት ምሰሶ ነው (አምሮበታል፣ አልዋሽም)። ምኒልክ ሐውልት ጋ እንዳልቀጥረው በክራንች ስለሚሄድ ቆሞ መጠበቅ ይከብደዋል። ጣይቱ ሆቴልም ቁልቁለቱ አይመቸውም። ከጊዮርጊስ ሳይርቅ፣ ደረጃ የሌለው፣ ቼዝ ዘርግተን ብንቆይ የማያስነሳን ካፌ አሁን የትኛው ነው?