የስሜን ቋሚ የጥናት መስመር፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ሁለተኛ ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ (ጎንደር)
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ አሁን ያለበት ይህን ይመስላል። በስሜን ተራሮች፣ ከሳንቃበር ካምፕ አካባቢ እስከ ቧሂት ተራራ ትከሻ፣ ከ3,200 እስከ 4,200 ሜትር፣ በየ200 ሜትሩ አንድ ደረጃ፣ ስድስት ደረጃ። በየደረጃው 10 ፕሎት (ተለክቶ የሚጠና ቁራሽ መሬት)፣ ድምር 60። ፕሎቱ 20 በ20 ሜትር፣ ውስጡ አምስት 1 በ1 ሜትር ኳድራት (በቅርበት የሚታይ ትንሽ ካሬ)። በየአምስት ዓመቱ እየተመለስን የአስታው ዛፍ ወደ ላይ እየወጣ መሆን አለመሆኑን፣ የጓሳው ሣርና ጅብራው (ግንድ ያለው የውርጭ ተክል) ምን እየሆኑ እንደሆነ እናያለን። ቀጥሉ።

የዕፅዋት ክፍል
60 አይሆንም። አራት ሰው ያለው ቡድን በደህና ቀን ሦስት ፕሎት ይጨርሳል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሁለት ከሠራ ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከገባ አንድ ሆኖ ይቀራል። 60 ፕሎት ከወር ጋር ይተናነቃል፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሞላ ቅጽ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በየደረጃው 5፣ በድምሩ 30 ይሁን፤ የተረፈው ጊዜ ምልክት አቀባበር ላይ ይዋል።

ረቂቁ «ማዕዘኖቹ በብረት ምልክት ይደረግባቸዋል» ብሎ ማለፉ አልበቃኝም። ጎልቶ የወጣ ፌሮ ለእረኛ ካስማ ይሆናል እንጂ ለእኛ ምልክት አይሆንም፤ አይፈረድበትም። 12 ሚሊ ፌሮ፣ ርዝመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ከአፈሩ እኩል እስኪሆን ይመታ። ከዚያ ካጠረ የሌሊቱ ውርጭ አፈሩን እያሳበጠ ቀስ በቀስ ይገፋዋል። በአምስተኛው ዓመት የምንፈልገው በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ስለሆነ መሣሪያው በጀት ውስጥ ይግባ። በፕላስቲክ ሪባን ምልክት አታድርጉ፦ ከብት ይበላዋል፣ ሆዱ ውስጥም ይቀራል። በየፕሎቱ ከሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ወደ መሃል አንድ ፎቶ፣ ከኋላ የሚታይ ገደል ወይም ጉብታ ይዞ።

ተዳፋቱን ደግሞ አትርሱ። 30 ዲግሪ ያዘነበለ መሬት ላይ ሜትሩን ዘርግታችሁ 20 ብትለኩ አግድም የያዛችሁት 17.3 ብቻ ነው። 20 ለማግኘት ሽቅቡን 23.1 ትለካላችሁ። ክሊኖሜትር (የተዳፋት መለኪያ) ይያዝ፤ ለየተዳፋቱ ዲግሪ ስንት ሜትር እንደሚለካ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ቅጹ ጀርባ ላይ ይታተም። ሜዳ ላይ ሰያፉ 28.28 ካልመጣ ካሬው ጠሟል።

ጅብራ፦ ቁመትና የቅጠል ዘውዱ ስፋት ይለካ፤ አበባ ማውጣት አለማውጣቱም ይመዝገብ። አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ስለሆነ የደረቀውን ግንድ «ሞተ» ብሎ ብቻ መጻፍ ያሳስታል። «አብቦ የሞተ» እና «ሳያብብ የሞተ» ሁለት ሣጥን ይሁኑ። ቁጥሩ በሚስማር አይመታበትም፤ አጠገቡ ከተቀበረ ችካል ጋር ይታሰር።

የካርታ ሥራ
እስማማለሁ፣ 30። ግን ረቂቁ ላይ የተለጠፈው የድሮው ካርታ የተሠራው በአዲንዳን ነው፤ ጂፒኤሳችሁ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ ሁለቱ የቦታ ነጥብ የሚሰላባቸው የተለያዩ መነሻዎች ናቸው። ሳትቀይሩ ነጥቡን ብትጭኑት ወደ 200 ሜትር ይዘላል፤ በዚያ ገደል ላይ 200 ሜትር ማለት ሌላ ደረጃ ማለት ነው። ሁሉም በደብሊውጂኤስ 84፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ይሁን፤ ቅጹ አናት ላይ ይጻፍ።

ከፍታውን በባሮሜትር ለምትለኩ፦ የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲለወጥ እዚያ ላይ ንባቡ 12 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። ጠዋት ጠዋት ከካምፕ ስትነሡ፣ ማታም ስትመለሱ ከታወቀ ነጥብ ጋር አስተካክሉ፤ ልዩነቱንም ጻፉት።

የእንስሳት ክፍል
ዋልያውን ከዕፅዋቱ ቡድን ጋር አታጣምሩት። ፕሎት የሚሠራ ሰው መሬት መሬት ነው የሚያየው። ቆጠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ጠርዞች ላይ በአንድ ጊዜ ይካሄድ፤ ያለዚያ ገደል ዞሮ የመጣው መንጋ ሁለቴ ይቆጠራል። ሁለቱም ቡድን ሰዓቱን፣ የመንጋውን አቅጣጫና የወንድ፣ የሴት፣ የግልገል ቁጥሩን ይጽፋል፤ ማታ ይነጻጸራል። ግልገል የሚበዛው ከመስከረም በኋላ ስለሆነ የኅዳሩ ዙር ለዚህ ይመቻል።

እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣው ካሜራ ላይ ክርክር አለኝ። ረቂቁ ባትሪ ለመቆጠብ «ሌሊት ብቻ ይሥራ» ይላል። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን አውሬ ነው! ሌሊት ብቻ ከሆነ የምናገኘው ጅብ ነው። ቀን ሲሠራ ደግሞ ጭላዳ ካርዱን ይሞላዋል፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ጓሳም ባዶ ፎቶ ያስነሣል። ስለዚህ ፊቱ ወደ ሰሜን ይዙር፣ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር፣ ከፊቱ ሦስት ሜትር ያለው ጓሳ ለጊዜው ይታጠፍ እንጂ አይታጨድ። የሊቲየም ባትሪ ይገዛ፤ ተራው በብርዱ ቶሎ ይደክማል። የቀይ ቀበሮ ዋሻ አካባቢ ካሜራ አይተከልም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ከደባርቅ
አባቶቼ፣ ወረቀቱ ያምራል፤ ሰውስ? ጎንደር 2,100 ገደማ ላይ ነው፣ ጨነቅ ካምፕ 3,620። በአንድ ቀን አውጥታችሁ በማግሥቱ ፕሎት አሠሩ ብትሉ ግማሹ ራስ ምታት ይዞት ይተኛል። አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ ሁለት ሌሊት ሳንቃበር፣ ከዚያ ግጭ። ሥራውም ከታች ወደ ላይ ይሂድ። ግራ የተጋባ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ በዚያው ሰዓት ይወርዳል፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ውኃ እዚያ 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ሽሮውስ ይሁን፣ ምስሩ ግን አይበስልላችሁም፤ ፕሬዠር ድስት ያዙ።

የምርምር ፈቃዱ ከዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም አለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸውና በአንድ ደብዳቤ አይጠየቁም። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) በየቡድኑ ይመደባል። ስለዚህ ሁለት ቡድን ማለት ሁለት ስካውት፣ የሁለቱም ቀለብና ድንኳን ማለት ነው። ረቂቁ ላይ አንድ ብቻ ነው የታየኝ።

ገንዘብ ያዥ
ዕቃውን ከሚጭነው የበቅሎ ማኅበር የዋጋ ማቅረቢያ ካልመጣልኝ ቁጥር አላስገባም። «በግምት» የሚል መስመር ሦስት ቦታ አይቻለሁ።

የዕፅዋት ክፍል
ኅዳር ለዋልያው ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን ይረፍዳል፣ ሣሩ አበባውን ይጥላል። ሣር ያለ አበባ መለየት ሟርት ነው። ጥቅምት አጋማሽ ቢሆንስ?

የእንስሳት ክፍል
ይሁን፤ ግልገሉ ያኔም አለ። ጉሙ እስኪገለጥ ሁለት የመጠባበቂያ ቀን ጨምሩልኝ።

ሰብሳቢ (ጎንደር)
ተስማምተናል፦ 30 ፕሎት፣ ጥቅምት አጋማሽ፣ 12 የፕሎት ቀን፣ 3 ቀን ለመላመድ፣ 2 ቀን መጠባበቂያ፣ ሁለት ስካውት። ካሜራው 24 ሰዓት ይሠራል። የዕፅዋት ክፍል ቅጹን ከተዳፋት ሰንጠረዡ ጋር እስከ ማክሰኞ ያድርስ። ደባርቅ ያላችሁ የበቅሎውን ዋጋ በወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። ከየተለየው ተክል ሁለት ናሙና በጋዜጣ መሃል እንዲደርቅ ይጨመቅ፤ አንዱ እኛ ጋ ይቀራል፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ይሄዳል። ጋዜጣው በየቀኑ የሚቀየር ስለሆነ አሮጌ ጋዜጣ ያላችሁ ከአሁኑ አጠራቅሙ።