ጂኑ አለ፣ መርዙ ግን የለም፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ ላብ ውስጥ ለማስተርስ ጥናቴ እየሠራሁ ነው፤ ከመርካቶ በርበሬ የለየሁት አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ ግራ አጋብቶኛል። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያሠሩት ጂኖች አንድ ክሮሞሶም ላይ ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። በፒሲአር (ዲኤንኤን በሚያባዛው ዘዴ) ስፈልጋቸው፣ ሌሎቹን የሚያስነሳው አፍልአር የተባለው ጂን ጭምር፣ ባንዳቸው (የዲኤንኤው መስመር) ጄሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ግን ኮኮናት አጋር (ከኮኮናት የሚሠራ የሻጋታ ማሳደጊያ) ላይ በ28 ዲግሪ አሳድጌ በ365 ናኖሜትር ዩቪ ሳየው መርዙን የሚጠቁመው ሰማያዊ ብርሃን የለም። አጠገቡ ያለው መርዝ አምራች ማነጻጸሪያ ደግሞ ቦግ ይላል፤ ስለዚህ ችግሩ ከአጋሩ አይመስለኝም።

ኤኤፍ36 የሚባለው የዚሁ ሻጋታ ዝርያ፣ መርዙን ለመሥራት በሚያስፈልገው ፒኬኤስኤ ጂን ላይ በአንዲት ፊደል ለውጥ መርዝ ማምረት አቁሟል። የኔም እንደዛ ይሆን? ወይስ ጂኖቹ ደህና ሆነው ተኝተው ነው? ለሁለቱም የሚበቃ ብር የለኝም፤ ጂኖቹ እየሠሩ መሆኑን ለማየት አርኤንኤ አውጥቼ አርቲ ፒሲአር ልሥራ ወይስ የፒኬኤስኤን የዲኤንኤ ፊደላት ላስነብብ? በርበሬ የሁላችንም ማዕድ ላይ ያለ ነገር ነው፣ መልሱን በጣም እፈልገዋለሁ። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ከየቱ ልጀምር?