አቧራ ያልቀመሰ ደጋፊ

ቀይዋ፦
ሰላም ናችሁ? ትናንት ማታ ሳፋሪው እዚህ ግሩፕ ላይ የለጠፈውን አይታችኋል? ኪጋሊ የፎርሙላ ዋን መኪና ውድድር ላስተናግድ ማለቷን እያወራን ነበር። አንዱ ልጅ «ሩዋንዳ ከመጣልን ስንቶቻችን እንሄዳለን?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው መልስ የለ፣ ምን የለ፣ ባለፈው መጋቢት ኬንያ፣ ናይቫሻ ለሳፋሪ ራሊ ሄዶ ያነሳውን የጫማውን ፎቶ ጣለና ከሥሩ «አቧራ ያልቀመሰ ደጋፊ አይባልም፤ ተመልካች ነው» ብሎ ጻፈበት። ስድስት ሰው ደግሞ ላይክ አድርጎለታል። እኔ ፌራሪን ስደግፍ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። የመጨረሻውን የቡድን ዋንጫ ያነሳነው በፈረንጆቹ 2008 ነው። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ የዋጥኩትን ንዴት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ጫማዬ ንጹሕ ስለሆነ ተመልካች ተባልኩ። እሺ።

መንዜው፦
በነሐሴ ስለ አቧራ የሚያወራ ሸዌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። መሐል ሜዳ ላይ በዚህ ሰሞን አቧራ ያየ ካለ ይጠቁመን። ጭቃ ግን በነፃ እንሰጣለን።

ሳፋሪው፦
ቀይዋ አትቆጪ፣ ስምሽን አልጠራሁም። ያልኩትን ግን አላጥፍም። እኔ ሀብታም አይደለሁም፤ ታውቁኛላችሁ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ። ሁሉንም በአውቶቡስ። ኬንያ ለእኛ ቪዛ አትጠይቅም። ራሊው ደግሞ ስታዲየም ውስጥ አይደለም፤ ሜዳና ቁጥቋጦ አቋርጦ ነው የሚያልፈው። እኔ ዳር ቆሜ ያየሁት በነፃ ነው።

ሰዉ ከሌሊት ጀምሮ ኮረብታው ላይ ሰፍሮ፣ ሥጋ እየጠበሰ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሄሊኮፕተሩ ይሰማል። ቀጥሎ ከማዶ አቧራው እንደ ጭስ ቀጥ ብሎ ይነሳል። መኪናው ገና አልታየም። ከዚያ ጠጠሩ የመኪናውን ሆድ ሲመታው ትሰማለህ፤ ልክ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ቆሎ። ሲያልፍ ምንም አታይም። አቧራው ቀስ ብሎ ወርዶ ላይህ ላይ ይቀመጣል። አቧራ ስላችሁ የኛ ቀበሌ አቧራ እንዳይመስላችሁ። የወፍጮ ቤት ዱቄት ነው። ጥርስህ መሀል ሦስት ቀን ይቆያል። ይህን በስልኬ አገኘሁት የሚል ካለ እሰየው።

ቀይዋ፦
እሺ፣ ደጋፊው። አንድ ጥያቄ ብቻ። አንዱን መኪና ስንት ሰከንድ አየኸው?

ሳፋሪው፦
ጥያቄው እሱ አይደለም።

ቀይዋ፦
ስንት ሰከንድ?

ሳፋሪው፦
10 ይሆናል። ከዚያ በየሁለት በየሦስት ደቂቃው ሌላው ይመጣል።

መንዜው፦
10 ሰከንድ! ወገኖቼ፣ ሞያሌን ተሻግሮ ለ10 ሰከንድ! መንዝ ጓሳ ኑ እንጂ። ጭላዳው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይታያል። ሲሰለቸውም ወደ እናንተ ዞሮ ያያችኋል።

ባለባጃጁ፦
መንዜው አንተ ሁሌ ቀልድ ነህ። እኔ ሳፋሪው ልክ ነው እላለሁ። በ2023 እንግሊዝ፣ ሲልቨርስተን በፎርሙላ ዋን ውድድሩ ሰሞን 480,000 ሰው ገባ ተብሏል። ይህ ሁሉ ሰው ቤቱ ቲቪ የለውም? ወይስ እንግሊዝ አገር መብራት ጠፍቶ ነው? የሆነ ነገር ባያገኙበት አይሄዱም።

ቀይዋ፦
እንግሊዞች ናቸዋ! ለእነሱ ሲልቨርስተን ማለት ለእኛ እዚህ አጠገባችን ያለችው ጫጫ ማለት ነው። ቁርስ በልተው ሄደው ለራት ይመለሳሉ። ለእኔ ትኬቱ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው። ከዚያ ቪዛው፣ የባንክ ስቴትመንቱ፣ ቃለ መጠይቁ። «ለምን ትሄጃለሽ?» ሲሉኝ «ፌራሪን ለማየት» ልበል? እዚሁ አፍሪካ ውስጥ እንዳላይ ደግሞ፣ የመጨረሻው ግራንድ ፕሪ፣ የፎርሙላ ዋን ውድድር ማለቴ ነው፣ የተካሄደው ደቡብ አፍሪካ፣ ካያላሚ ላይ በ1993 ነው። ያኔ ገና አልተወለድኩም። ባልወለደችኝ እናቴ ትከሰስ?

የሄዱትስ ምን አገኙ? በ2021 ቤልጂየም፣ ስፓ የሆነውን እናስታውስ። ሰዉ ዝናብ ላይ ሦስት ሰዓት ከምናምን ቆሞ ጠበቀ። መኪኖቹ ሴፍቲ ካሩን፣ ቀስ ብሎ የሚመራቸውን መኪና፣ ተከትለው ጥቂት ዙር ዞሩና አለቀ ተባለ። ነጥቡ እንኳ ግማሽ ነው የተሰጠው። በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ የመጀመሪያው ልምምድ ስምንት ደቂቃ ያህል ሄዶ፣ ከመንገዱ ላይ የውሃ መስመር ክዳን ተነቅሎ የኛን የፌራሪ ሾፌር የሳይንዝን መኪና ሆዷን ቀደዳት። ጥገናው ሲረዝም ተመልካቹን በሌሊት ከወንበሩ አስነስተው አስወጡት። ሁለተኛው ልምምድ ባዶ ወንበር ፊት ተካሄደ። እኔ ግን ቡና እያፈላሁ አየሁት። አሁን ማነው ደጋፊ፣ ማነው ተመልካች?

መንዜው፦
የስፓዎቹ የቀመሱት ዝናብ ነው። ዝናብ የቀመሰ ምን ይባላል? ደጋፊ ነው፣ ተመልካች ነው ወይስ ገበሬ?

ሳፋሪው፦
ስፓ ላይ የራሱት እስከ ዛሬ ያወሩታል። አንቺ ያንን እሁድ የት እንደነበርሽ ታስታውሻለሽ?

ቀይዋ፦
በደንብ! ደብረ ብርሃን፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ፣ 11 ፐርሰንት ባትሪ ይዤ። እኔም እንደነሱ ምንም ሳላይ ነው ያለቀው። ያውም ፓኬጄን በልቶ።

ባለባጃጁ፦
የ2005ቱን የኢንዲያናፖሊስ ውድድር ረሳሽው? የሚሼሊን ጎማ ችግር ነው ተብሎ 14 መኪና ከማሟሟቂያው ዙር በኋላ ወደ ጋራዡ ገባ፤ ስድስት ብቻ ተወዳደሩ። ሰዉ ሜዳው ላይ ጠርሙስ ወረወረ። ለምን እንዳላነሳሽው ላስታውስሽ? ያሸነፈው ፌራሪ ነዋ።

ቀይዋ፦
ድል ድል ነው። ጎማችን አልፈነዳም።

የሮቢቷ፦
እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ስለ አደጋው አንድም ሰው አለማንሳቱ። ሰው የማይሄደው ስለፈራም ጭምር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» በሚባለው ውድድር በ1955 መኪና ተመልካች ውስጥ ገብቶ ከ80 በላይ ሰው ሞቷል። ሳፋሪው የምትወደው ራሊስ? በ1986 ፖርቱጋል ላይ ሕዝቡ መንገዱን እንደ መጋረጃ ዘግቶ ይቆምና መኪናው ሲደርስ ነበር የሚከፈተው። አንዱ መኪና ሰዉ ውስጥ ገባ፣ ሦስት ሰው ሞተ። ግሩፕ ቢ የሚባሉት የራሊ መኪኖች የታገዱትም በዚያ ዓመት በደረሱት አደጋዎች ነው። አቧራው ውስጥ ቆመህ የሚመጣውን እንኳ አታይም። እኔ ሸዋ ሮቢት፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ሆኜ ባይ ይሻለኛል።

ሳፋሪው፦
አሁን እንደዚያ አይደለም። ፖሊስ አለ፣ ገመድ አለ። ከገመዱ ካለፍክ ውድድሩ ይቆማል።

ባለባጃጁ፦
ሩቅ ለምን እንሄዳለን? ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ናይቫሻን ያስንቃል። አይሱዙዎቹ እንደሆኑ በየቀኑ ራሊ ላይ ናቸው። ትኬት የለ፣ ገመድ የለ። ሃሃሃ።

የሮቢቷ፦
እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሰው ያጣን አለን። ቀልዱን ሌላ ቦታ ውሰደው።

ባለባጃጁ፦
ይቅርታ እህቴ። አላሰብኩትም።

አሮጌው ሾፌር፦
ልጆች፣ በዚያ መንገድ አትቀልዱ። እኔ 27 ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ። በክረምት ከዋሻው ስትወጣ ጉሙ ፊትህ ላይ ይዘጋል። መብራት ብታበራ ባሰበት። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወደ ግራ ያዝ! ቀኙ ገደል ነው!» እያለህ ነው የምትወርደው። ፍሬን ሲግል የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ደብረ ሲና ደርሰህ፣ ልጆቹ ቆሎ ይዘው ሲከቡህ ነው እግርህ ሲንቀጠቀጥ የሚታወቅህ። ይህን ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው ካለ እንጃለት።

ስለ ክርክራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጉግስ ለማየት ሰው እንደ ጉድ ይወጣል። ለምን? ፈረሱ ሄዶ ይመለሳል። ፈረሰኛውን ታውቀዋለህ፣ አባቱንም ታውቀዋለህ። ሲወድቅ ትስቅበታለህ፣ ማታ አብረኸው አረቄ ትጠጣለህ። ያ ሃሚልተን የምትሉት የፎርሙላ ሾፌር ግን አያውቃችሁም። ለማያውቃችሁ ሰው ነው ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ የምትቀመጡት?

ቀይዋ፦
ጋሼ፣ ባያውቀንም እኛ እናውቀዋለን። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የፌራሪ ነው፤ ቤተሰብ ሆነናል።

መንዜው፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ረዳት እኮ ራሊ ላይ ኮ-ድራይቨር ነው የሚባለው። ጎን ተቀምጦ ከደብተር ላይ «ግራ ሦስት፣ ቀኝ ሁለት» እያለ ያነባል። በስንት ደመወዝ!

አሮጌው ሾፌር፦
የእኔው ማንበብ አይችልም ነበር። መንገዱን ግን በልቡ ያውቀዋል።

ባለ ዲኤስቲቪው፦
እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ደጋፊ ነን ባይ ናችሁ። አንድ እሁድ ለምናችሁኝ ፎርሙላ ከፈትኩላችሁ። ስንት ሰው መጣ? አራት። ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው የገቡ ናቸው። አንዱ መንዜው ነው፤ 20ኛው ዙር ላይ ተኝቷል። ናይቫሻና ኪጋሊ ቀርቶ ከቀበሌ ቀበሌ የሚመጣ የለም።

መንዜው፦
ደክሞኝ ነው። ያን ቀን ከመሐል ሜዳ ነበር የመጣሁት። አቧራ ቀምሼ።

ሳፋሪው፦
ይኸው! ይህን ነው ስል የነበረው። ርቀት ነው፣ ገንዘብ ነው አትበሉኝ። ይህ ሕዝብ እኮ ሸንኮራ ዮሐንስ በእግሩ የሚወርድ ሕዝብ ነው። ጻድቃኔ ለመድረስ ስንቅ ይዞ ቀን የሚቆጥር ነው። የፈለገው ቦታ መድረስ አቅቶት አያውቅም። እዚህ ላይ ያልደረሰው ስላልፈለገ ነው።

የሮቢቷ፦
ስእለትና ጎማ አታገናኝ። ጸበል የሚሄድ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል።

ሳፋሪው፦
እኔ ያነሳሁት መንገዱን ነው።

የሮቢቷ፦
መንገዱም ቢሆን።

አድሚን፦
ሃይማኖት ውስጥ አትግቡ። ይህ ማሳሰቢያ ነው።

ሳፋሪው፦
እሺ አድሚን፣ ተውኩት። ግን ቀይዋ በሰከንድ ከቆጠረች፣ ጥምቀት ላይ ታቦቱ ሲያልፍ ስንት ሰከንድ ነው የምታየው? ሰው ለማየት ብቻ ነው የሚወጣው?

አድሚን፦
ሁለተኛ ማሳሰቢያ።

ባለባጃጁ፦
እኔን ያስጠላኝ የፎርሙላው ድምፅ ነው። የድሮዎቹን ሞተሮች በዩቲዩብ በሰማሁ ቁጥር ፀጉሬ ይቆማል። በ2014 ወደ ቪ6 ቱርቦ ሃይብሪድ ሞተር (ነዳጅና ኤሌክትሪክ ቅልቅል) ከገቡ ወዲህ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆኗል። ለዚህ ብዬ አገር አላቋርጥም። ባጃጄ ትበልጣለች።

ሳፋሪው፦
የራሊውን ና ስማ። ሲተኮስ መትረየስ ነው የሚመስለው።

የሮቢቷ፦
መትረየስ ለመስማት ናይቫሻ መሄድ አያስፈልግም ወንድሜ።

አድሚን፦
እዚህም ላይ አቁሙ። ፖለቲካ ክልክል ነው።

መንዜው፦
አድሚን ዛሬ ሴፍቲ ካር ሆኖብናል። ሁላችንም ከኋላው ተሰልፈናል፤ ግማሽ ነጥብ ስጠንና እንበተን።

ሳፋሪው፦
አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። ማሌዥያ ሴፓንግ ላይ ከ1999 እስከ 2017 ግራንድ ፕሪ አዘጋጀች። ትኬቱ አልሸጥ ሲላት፣ ወጪው ሲበዛባት ተወችው። ሁላችንም ጋቢ ውስጥ ሆነን ካየን ኪጋሊም ቢሳካላት እንደዚያው ነው። ከዚያ ሌላ 30 ዓመት ስለ ካያላሚ ስናወራ እንኖራለን።

ቀይዋ፦
ኪጋሊ ከሆነማ እሄዳለሁ! ማን አልሄድም አለ? ልጁ የጠየቀው ይህንኑ ነበር እኮ። አንተ ነህ መልስ በመስጠት ፋንታ ጫማ የለጠፍከው።

ሳፋሪው፦
ጫማው መልስ ነው።

ቀይዋ፦
ጫማው መታጠብ ያለበት ነው።

ባለ ዲኤስቲቪው፦
እሁድ 10 ሰዓት የሆላንዱ ፎርሙላ፣ ዛንድቮርት ነው አይደል? 10 ሰዓት ኳስም አለብኝ። ማን ማን ነው የሚመጣው? ቁርጡን ንገሩኝ።

ቀይዋ፦
እኔ አለሁ።

ሳፋሪው፦
እኔም።

ባለባጃጁ፦
ሥራ ከቀዘቀዘ።

የሮቢቷ፦
ለእሱ ብዬ ቁር ውስጥ አልወጣም።

አሮጌው ሾፌር፦
እኔ ቤቴ ነኝ። ጉልበቴ ብርድ አይወድም።

መንዜው፦
በልቤ አብሬያችሁ ነኝ።

ባለ ዲኤስቲቪው፦
ሁለት ተኩል ሰው። ኳሱ ቢያንስ 60 ያስገባልኛል። ትልቁ ስክሪን ኳስ ነው፣ ሪሞቱንም ቆልፌበታለሁ።

ቀይዋ፦
ጓዳ ያለችው ትንሿ ቲቪስ?

ባለ ዲኤስቲቪው፦
እሷ ድምፅ የላትም።

ሳፋሪው፦
ድምፅ ከሌላት ምኑ ይታያል?

ቀይዋ፦
አንተ 10 ሰከንድ ይበቃሃል። ዝም ብለህ ና። ጫማህን ግን በር ላይ ጠርገህ ግባ።