የአሮጌ ቤት የመመገቢያ ክፍል፦ ከቀለሙ በፊት ውኃው

ከጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ተከራይተን ኖረን ዘንድሮ የራሳችንን ቤት ገዛን። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ነው። ሌላው ክፍል ይኖርበታል፤ የመመገቢያ ክፍሉ ግን ግራ አጋብቶናል። ግድግዳው ላይ አበባ አበባ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ፤ ከዚያም ሥር ሌላ። ከመስኮቱ በታች መዳፍ የሚያክል ቡናማ እድፍ አለ። ኮርኒሱ ተሰነጣጥቋል። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ግን ጠቁሯል። ባለቤቴ «ቅዳሜ ቀለም ገዝተን እሁድ እንገላገለዋለን» ይላል። እኔ ልቤ አላረፈም። አሮጌ ቤት ያደሳችሁ ካላችሁ፣ ከየት እንጀምር?

ከአንድ አባት፦

ልጄ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ልብሽ አለማረፉ ልክ ነው። እኔም እንደ ባለቤትሽ ቸኩዬ ነበር። እድፉን ፍቄ፣ ሁለት እጅ ቀለም ቀብቼ ጠረጴዛዬን አስገባሁ። በሁለተኛው ዓመት እድፉ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያውም ሰፍቶ ብቅ አለ። በጣቴ ስነካው ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው ልስን እንደ ዱቄት ረገፈ። ስለዚህ የቀለሙን ነገር ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ።

ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡና ከእድፉ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ቆማችሁ እዩት። የእኔ ጥፋተኛ አሸንዳው ነበር። መጋጠሚያው ላይ ቅጠል ተከማችቶ፣ ውኃው በቱቦው መውረድ ሲገባው ግድግዳውን ይዞ ይወርድ ነበር። አሸንዳው ደህና ከሆነ ደግሞ መሬቱን እዩ። የአትክልት አፈር እያደር ይቆለልና ከቤቱ ወለል በላይ ይሆናል፤ እርጥበቱ በዚያ በኩል ይገባል። አፈሩ ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያን ያህል ዕድሜ ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የተገነባው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ይቀበላል፣ መልሶም ያስወጣል። በኋላ የመጣ ሰው ስንጥቁን በሲሚንቶ ሲደፍነው ውኃው መውጫ ያጣል፤ ወደ ውስጥ ይዞራል። በሲሚንቶ የተደፈነ ካገኛችሁ በኖራ አስጠግኑት። ከዚያ ታገሡ። ወፍራም ግድግዳ በወር 25 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚደርቅ ነው የሚገመተው። ወራት ይፈጃል ማለት ነው፤ ቢሆንም የሚያዋጣው እሱ ነው።

ስንጥቁ አያስደንግጣችሁ። ግድግዳውንና ኮርኒሱን በጣታችሁ መታ መታ አድርጋችሁ ስሙት። ድምፁ ድፍን ከሆነ ልስኑ እንደተያዘ ነው፤ ስንጥቁን በመረብ ፕላስተርና በስቱኮ መዝጋት ይበቃል። ከበሮ ከመሰለ ግን ልስኑ ከኋላው ካለው የእንጨት ርብራብ ለቅቋል። የለቀቀውን ሰፊ ቀለበት ባለው ብሎን ወደ ርብራቡ ስባችሁ ማስያዝ ይቻላል። ባለሙያ መጥቶ «ሁሉንም አፍርሰን ጂፕሰም ቦርድ እንለጥፍ» ቢላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ያ አሮጌ ልስን ድምፅ ያፍናል፣ ወፍራም ነው፣ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም።

ከመፋቃችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት መኖሩን አስመርምሩ። የድሮ ቀለም እርሳስ ነበረው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የእናንተ ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ አለ ብላችሁ ተነሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም ይላል፤ ከሁሉም የሚጎዳው ትናንሽ ልጆችን ነው። ሳንባ የሚጎዳው ቃጫ መሰል ማዕድን፣ አስቤስቶስም፣ እንዲሁ። እንግሊዝ ሙሉ በሙሉ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠራ ወይም በታደሰ ቤት፣ ሸካራ የኮርኒስ ቅብ ወይም አሮጌ የወለል ንጣፍ ካያችሁ ሳትነኩት ናሙናውን ላቦራቶሪ ይየው።

ከጠያቂዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ትናንት ዘነበና ወጥተን አየን፤ አሸንዳው ነው! ልክ ከመስኮቱ በላይ መጋጠሚያው ተከፍቷል። የእርሳሱንም መመርመሪያ ገዝተን ሞከርን። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ የመስኮቱን እንጨት ስንነካው ግን ወዲያው ቀላ። ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችን፤ በጣም ደነገጥኩ። መስኮቱን እናውጣው? ሌላው፣ ባለቤቴ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ይላል፣ እኔ ነጭ።

ከዚያው አባት፦

አይዞሽ ልጄ። ዛሬውኑ የመስኮቱን ደፍና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ በደረቅ መጥረጊያ እንዳትነኪው። ሐኪሟንም የልጅቷን ደም እንዲያይላችሁ ጠይቁት፤ ቀላል ምርመራ ነው። መስኮት የሚያሰጋው ሲከፈትና ሲዘጋ እንጨቱ እየተፋተገ አቧራ ስለሚያወጣ ነው። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግም ሆነ በእሳት መለብለብ ፈጽሞ አይሆንም። በውኃ እየረጠበ ይፋቃል፤ ወለሉ በላስቲክ ይሸፈናል፤ ልጅቷ እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ትቆያለች። ፈቃድ ያለው ሰው ቢሠራላችሁ ደስ ይለኛል። መስኮቱን አታውጡት። የድሮ ጣውላ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከተጠገነ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል።

የግድግዳውን ወረቀት ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና አርጥቡት፤ ሩብ ሰዓት ጠብቁና በስፓቱላ አንሡት። ስፓቱላውን ጋደም አድርጋችሁ ያዙ፤ ከቀና ልስኑን ይቦጭቃል። ሙጫውን በደንብ እጠቡ፤ ከቀረ አዲሱ ቀለም ይሰነጠቃል። የቀለሙን ዓይነት ስትመርጡ ደግሞ እርጥበት የሚያሳልፍ ይሁን፤ የኖራ ወይም የሲሊኬት ቀለም። ላስቲክነት ያለው ቀለም ግድግዳውን ያፍነዋል፤ የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ከአንዲት እህት፦

ስለ ቀለሙ እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፣ እህቴ። የመመገቢያ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የሚኖርበት በማታ ነው። ጥቁር አረንጓዴ በመብራት ሥር ይሞቃል፤ ሰው ከጠረጴዛው መነሣት አይፈልግም። ነጭ ግን በአሮጌ ቤት እያንዳንዱን ጉብታ ያሳያል። ምንም ይሁን ምን የማያንጸባርቅ ይሁን፤ የሚያንጸባርቅ ቀለም ጠማማ ግድግዳን ያጋልጣል። ትልቅ ካርቶን ቀቡና ጠዋትም ማታም ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ እዩት፤ የትንሿን ናሙና ወረቀት አትመኑ።

ግድግዳው ወገቡ ላይ በእንጨት የተከበበ ከሆነ፣ ከወለሉ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ እንዳትነቅሉት። የተሠራው የወንበር መደገፊያ ልስኑን እንዳይቧጭረው ነው። ከሱ በታች ያለውን ጠቆር፣ ከላይ ያለውን ፈካ ማድረግ ይቻላል፤ ምናልባት ሁለታችሁንም ያስታርቅ ይሆናል።

ጠረጴዛ ሳትገዙ ጋዜጣ በጠረጴዛው ልክ ቆርጣችሁ ወለሉ ላይ አንጥፉ። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የመረጥኩት ጠረጴዛ በሩን እንደሚዘጋው ያየሁት። ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያስፈልጋል። ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው ቢያንስ 90 ይሁን፤ ከተቀመጠ ሰው ኋላ ማለፍ ካለባችሁ 110። ጋዜጣው ቦታውን ሲያገኝ ነው ኤሌክትሪሺያን የምትጠሩት፤ የሚንጠለጠለው መብራት የጠረጴዛውን መሐል ነው የሚከተለው፣ የክፍሉን አይደለም። ከጠረጴዛው በላይ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አምፖሉም ላዩ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል፣ የብርሃኑ ቀለም ሞቅ ያለ ይሁን። ባለሙያው መጥቶ ሳለ የድሮውን ሽቦ ይይላችሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ ወይም የመሬት መስመር የሌለው ከሆነ ልስኑ ከመጠገኑ በፊት ይቀየር።

ከዚያው አባት፦

ወለሉን ረስቼው ነበር። ለመፈተግ አትቸኩሉ፤ ጣውላው ቀደም ሲል ተፈትጎ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ያጠቆረው የተከማቸ ሰምና ቆሻሻ ነው። መስኮት ከፍታችሁ፣ አንድ ጥግ ላይ በአኳራጅ በራሰ ጨርቅ ሞክሩ። የእኔ ጥቁር ነው ያልኩት ወለል በሦስተኛው ጨርቅ ማር መሰለ። ከዚያ በተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ የተረፈውን ጥረጉ።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ እንዳትወረውሩ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። አንድ በአንድ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ በሞላበት የብረት ጣሳ ነክራችሁ ክደኑት።