ተከሳሹ ሳያስፈራት ቃሏን እንዴት ትስጥ?

በአንድ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የወንጀል ተጎጂዎችን የምደግፍ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። አሁን የያዝኳት የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627፣ ማለትም ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ በሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት፣ የቀረበ ነው።

አዲስ አበባ ልደታ ፍርድ ቤት ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው በካሜራ ይመሰክራሉ። እኛ ጋ ያ ክፍል የለም። ዐቃቤ ሕጉ አመልክቶ ችሎቱ ዝግ ሆነልን፤ ተከሳሹ ግን ከፊቷ ሦስት ሜትር ላይ ነበር። አያቷም ራሳቸው ምስክር ስለሆኑ ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ። ልጅቷ አያቷ የተዉላትን ነጠላ ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ መልሳ እየፈታች፣ ስሟን እንኳ ሳትናገር ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ።

ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ባዶውን ችሎት አስጎበኘኋት፤ የማታውቀውን «አላውቅም» ማለት እንደምትችል ነገርኳት። ቃሏን አላስጠናኋትም፤ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። መጋረጃም አቆምን። መናገር ጀምራ ነበር። ተከሳሹ ሲያስል ድምፁን ሰማችና ደርቃ ቀረች።

ተከላካይ ጠበቃው ደንበኛቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ምስክር የመጠየቅ መብት እንዳለው አስመዝግበዋል፤ ልክ ናቸው። ሰብሳቢ ዳኛው ደግሞ ሌላ መላ ካለን እንድናቀርብ ፈቅደዋል። በእጃችን ያለው ከችሎቱ ጎን ያለ ባዶ ክፍል፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ድምፅ ማጉያ ነው። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የካሜራ ክፍል በሌለበት ፍርድ ቤት የሠራችሁ፣ ልጁን ጎን ክፍል አስቀምጣችሁ መስቀለኛ ጥያቄውን (ተከላካይ ጠበቃው ለምስክሯ የሚያቀርበውን ጥያቄ) በማን በኩል፣ እንዴት አስተላለፋችሁ?